ከቤት አንድ ሰው

ደብተሩ ወደ ቤታችን የመጣ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ልጄ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች፣ ደብተሩን ከትሪው አጠገብ አስቀመጠችና "እማዬ፣ ይሄን ካልሞላሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልገባም" ብላኝ ዳቦ ፍለጋ ሄደች። እንዲህ ያለ ወሬ ዳቦ እየፈለጉ የሚነገር አልነበረም። እጄን ታጠብኩ፣ በፎጣ አደረቅኩ፣ ደብተሩን ከሽንኩርቱ አራቅኩና ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ አያቅተኝም፤ ግን ጣቴን መስመሩ ላይ ካላስቀመጥኩ መስመሩ ያመልጠኛል። ያን ቀን ደግሞ ጣቴ ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሚል አንድ መስመር አነብና ዓይኔን እጠርግ ነበር። ልጄ ዳቦዋን ይዛ ስትመለስ አየችኝ።

"ይሄን ያህል የሚያስለቅስ ነገር የለውም እኮ" አለች።

ነበረው። ደብተሩ ሦስት ክፍል አለው፤ ፈጠራ፣ ስፖርትና ለኅብረተሰቡ የሚሰጥ አገልግሎት። ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ሰዓት መሠራት አለበት። በየገጹ ቀኑ፣ ሥራው፣ የፈጀው ሰዓትና ያሠራው ሰው ፊርማ የሚገባበት ሣጥን ተሠርቷል። ወደ መጨረሻው ተማሪዋ ምን እንደተማረች የምትጽፍበት አንድ ሙሉ ገጽ አለ፤ ከሥሩ "የወላጅ አስተያየት" የሚል ሦስት መስመር። ሦስቱን ክፍል ያልሞላ ተማሪ አይዛወርም ይላል። ልጄ በዚያ የግል ትምህርት ቤት የምትማረው በውጤቷ፣ በነፃ ነው። ክፍል ከደገመች ነፃው ይቀራል፤ ነፃው ከቀረ ደግሞ እኛ የምንችለው ትምህርት ቤት አይደለም። በሒሳብና በፊዚክስ ወድቃ የማታውቅ ልጅ በሩጫና በቆሻሻ ማንሣት ልትወድቅ ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሲደውል ስነግረው "ታዲያ ትሩጣ" አለኝ። ከዚያ ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ደብተሩን በፌስታል መጠቅለል ነበር። በኛ ቤት ቁም ነገር ያለው ወረቀት ሁሉ በሦስት ፌስታል ነው የሚጠቀለለው። የቤቱ ካርታ፣ የልደት ካርዶቹ፣ የእድሩ ደብተር፣ ሁሉም በሦስት ፌስታል ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጄ ስጠቀልል አይታ "አንድ መስመር ልጽፍበት ስፈልግ ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ለኔ ንገሪኝ፣ እፈታልሻለሁ" አልኳት።

በፈጠራው ጀመርን፤ እሱ ቀላል መሰለኝ። ልጄ ድራማ መረጠች። ብቻዋን የምትሠራው አጭር ድራማ ነው፤ ቤቷ ሌባ የገባባት ሴት ትሆናለች። ሳሎን ውስጥ ትለማመዳለች፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰዓት እይዛለሁ። ሁለት ቀን ቀስ ብላ ተለማመደች። በሦስተኛው ቀን "እማዬ፣ ሌባ የገባበት ሰው እንዲህ ዝግ ብሎ አይጮህም" አለችና ድምጿን ለቀቀችው። "ሌባ፣ ሌባ፣ ያዙልኝ" ስትል ሽሮው እጄ ላይ ተደፋ። ሽሮውን ሳልጠርግ ጎረቤቱ ዱላና ዘነዘና ይዞ ግቢያችንን ሞላው። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በአንድ እግራቸው ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው ከፊት ነበሩ።

ነገሩ ሲገባቸው አልተቆጡም። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡና ከመጀመሪያው እንድትጫወት አደረጓት። ከጨረሰች በኋላ "ሌባው የታለ?" ብለው ጠየቁ።

"አይታይም፣ አባባ። ተመልካቹ በሐሳቡ ነው የሚያየው።"

"እኔ አላየሁትም" አሉ። ቢሆንም ፈረሙላት።

እኔ ፊርማ ብቻውን አያስተማምነኝም። ፊርማ ማንም ይፈርማል። "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት የእድሩን ማኅተም ቢያደርጉበት" አልኳቸው። ማኅተሙ ከኪሳቸው አይለይም፤ በትንፋሻቸው እፍ ብለው አሞቁትና ክብ ሐምራዊ ማኅተም "ፈጠራ" ከሚለው ሥር አረፈ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተነፈስኩ።

ሩጫው ከባድ ነበር፤ ለእሷ ሳይሆን ለኔ። እኛ የምንኖረው በከተማው ምሥራቅ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ነው። እሷ ከቤት ተነሥታ እስከ ሐይቁ ደርሳ ልትመለስ አሰበች። እኔ ያሰብኩት ደግሞ ስለ ምች ነው። የሮጠ ሰው ያልበዋል። ያላበውን ሰው የሐይቁ ነፋስ ያገኘዋል። በዚያ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ምች ይመታዋል፤ ከንፈሩ ይቆስላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል። ለልጄ ስነግራት "እማዬ፣ ምች የሚባል በሽታ በባዮሎጂ የለም" አለችኝ። እንግዲህ ባዮሎጂ ልጅ አላሳደገም።

ስለዚህ ባጃጅ ተሳፍሬ ከኋላዋ እከተላት ጀመር። ነጂው ጎረቤታችን ነው፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ዝም ማለት የማይወድ ሰው። እኔ ጭኔ ላይ ነጠላ፣ በፔርሙስ ሙቅ ውሃ፣ በላስቲክ ደግሞ ዳማ ከሴ ይዣለሁ፤ ምች ቢመታት እዚያው እንዳሻት። ልጄ ትሮጣለች፣ ስትቆም እንቆማለን፣ ስትነሣ እንነሣለን።

"እህቴ" አለኝ በሁለተኛው ቀን፣ "በዚህ ፍጥነት ከሄድን ባጃጁን ራሱን ምች ይመታዋል።"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"እየነዳሁ መሰለሽ? እየገፋሁ ነው።"

በሦስተኛው ቀን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ልጅቱን ለምን እንደምንከተላት ጠየቀ። እናቷ መሆኔን ነገርኩት።

"ታዲያ ለምን አያሳፍሯትም?"

"እንድትሮጥ ነው።"

"ከማን ነው የምትሮጠው?"

ፖሊሱ ልጄን ጠርቶ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ወይ አላት። እሷ እያለከለከች አየችኝ፣ ነጂውን አየችው፣ ፔርሙሱን አየችው። "በፍጹም አላውቃቸውም" አለች። ከዚያ ሳቋ መጣባት፤ ባይመጣባት ኖሮ ያን ቀን ጣቢያ ነበር የምንውለው። የሩጫውን ሰዓት ባጃጅ ነጂው ፈረመ። ማኅተሙን የእድሩ ሰብሳቢ አደረጉበት፤ እሷን ስትሮጥ ባያዩም እኛን ስንከተላት አይተዋል።

የቀረው አገልግሎቱ ነበር። ልጄ ስሟን ያስመዘገበችው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሐይቁን ዳር የሚያጸዱ ፈቃደኛ ሰዎች አሉ፤ አራት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ሦስት ሰዓት ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ትምህርት ቤቷ ለፈተና የሚያዘጋጃቸው ቱቶሪያል ይሰጣል። ሁለቱ ተጋጩ።

"ትምህርትሽን ተማሪ፣ የአገልግሎቱን ነገር ለኔ ተይው" አልኳት። ቀኑን የማስለውጥላት መስሏት ተወችው።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን መናገር አለብኝ፤ ስህተቱ የመጣው ከዚያ ነው። በእድራችን ስም ሲጠራ የሚጠራው የባለቤቴ ስም ነው። እሱ አንዴ ሞያሌ፣ አንዴ ጂቡቲ መንገድ ላይ ነው። እኔ "አለን" እላለሁ፣ ምልክት ይደረጋል። እኔ ካልተመቸኝ ልጄ ትሄዳለች፣ ምልክት ይደረጋል። ድንኳን ተከላ ቢሆን፣ የቦይ ጠረጋ ቢሆን፣ ችግኝ ተከላ ቢሆን የሚፈለገው ከቤት አንድ ሰው ነው። የትኛው ሰው የሚል ጥያቄ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው ይሠራ እንጂ።

እናም በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት አሞራ ገደል ተገኘሁ። የጽዳቱ አስተባባሪ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በሲዳምኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከውሾቹ ጋር በፊሽካ ነው የሚነጋገሩት። የልጄን ስም ጠሩ።

"አለን" አልኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ አንቺ ነሽ?"

"ከቤት ነኝ።"

"እ" አሉ፣ ምልክት አደረጉ። "ጓንት ውሰጂ።"

እሳቸውም የእድር ሰው ናቸው።

ሥራውን ሳየው ልጄን ባለማምጣቴ ደስ አለኝ። ድንጋዩ በዓሣ ቅርፊት ያንሸራትታል። ሴቶቹ ዓሣ የሚያጸዱበት ቢላ ስለት አለው። ጉማሬ ባይታይም ሐይቁ ውስጥ አለ። ከሁሉም በላይ አባ ኮዳዎቹ አሉ፤ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ ቁመታቸው ደረቴ ድረስ የሚደርስ አሞራዎች ናቸው። ሰው መሐል እንደ ሹም ይንጎራደዳሉ። የዓሣ ጭንቅላት ሲጣልላቸው ሳያኝኩ ይውጣሉ። አንዱ ጓንቴን ተከትሎ ግማሽ ሰዓት ዞረ። ልጄ ብትሆን ኖሮ ጓንቱን ሰጥታው ትሮጥ ነበር፤ እኔ ግን ልምድ ስላለኝ ጓንቱን ሰጥቼው ቀስ ብዬ ሄድኩ።

አራት ቅዳሜ እንዲህ ሠራሁ። አስተባባሪው በየጊዜው ፈረሙ፣ እኔ በየጊዜው ማኅተሙን አስደረግኩ፣ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ መለስኩ። ለልጄ ምንም አልነገርኳትም። ተሠርቶ ሲያልቅ ማየቷ ይበልጣል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ በኛ ቤት ደግሞ በጾም ዓሣ አይበላም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ እገባለሁ። እጄን በሎሚ ብታጠብም፣ ልብሴን ብቀይርም አይለቅም። ልጄ ታየኛለች፣ አንገቷን ታቀረቅራለች። በሦስተኛው ቅዳሜ "እማዬ፣ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው አይደል?" አለችኝ። "በጣም" አልኳት። "እሺ" አለች፣ እጄን ጨብጣ ሄደች። ምን እንዳገኛት አልገባኝም። ፈተናው ያስጨነቃት መሰለኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደብተሩን አውጥቼ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ አሳየኋት። አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አራት ፊርማ፣ አራት ማኅተም። አገላበጠችው።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኛ።"

"በጾሙ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበርሽ?"

"የት ሄድኩ መሰለሽ?"

ትክ ብላ አየችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች። "እኔ ተደብቀሽ ዓሣ የምትበዪ መስሎኝ ስጸልይልሽ ነበር" አለች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ እናቷ በጾም ተደብቃ እንደምትበላ በመጠርጠሯ ልቆጣ ስል ሳቋ ቆመ፤ ፊቷ ተለወጠ።

"እማዬ፣ ይሄ እድር አይደለም።"

"ሥራው ተሠርቷል። ሄደሽ ዳሩን እዪው።"

"ሥራውን እኔ ነኝ መሥራት ያለብኝ። ምን ተማርሽ የሚለውን ገጽ ምን ብዬ ልጽፍ ነው?"

"እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊ።"

"እሺ፣ ምን ተማርሽ?"

አሰብኩ። "ጓንት ከጠፋ ፌስታልም ይሆናል።"

አልሳቀችም። ደብተሩ ሊሰበሰብ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። "ከጠየቀችኝ አልዋሽም" አለች ልጄ። እንዳትዋሽ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ልጄን በገዛ እጄ ክፍል ያስደገምኳት መሰለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የጽዳቱ አስተባባሪና ባጃጅ ነጂው። መጀመሪያ እኛ ቤት ተሰብስበው መከሩ። አስተባባሪው ባዶ እጄን አልመጣም ብለው ትልቅ ዓሣ በወፍራም ፌስታል ይዘው መጡ። ዓሣውን ጠበስኩላቸው። ፌስታሉን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ አሰጣሁት፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ፌስታል አይጣልም።

በማግስቱ ሦስቱ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሰብሳቢው ከዘራ ይዘው፣ በባጃጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። እኔ ከኋላ ተጣብቄ ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከላይ እስከ ታች አየና ፊቱ በራ።

"እሰይ" አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ለየትኛዋ መምህርት ነው?"

"ለአሥራ አንደኛ ክፍሏ ኃላፊ" አሉ ሰብሳቢው፣ የተጠየቁት ሳይገባቸው።

"ጊዜው ነበር" አለና በሩን በሁለቱም በኩል ከፈተው። መምህርቷ ቢሮ እስክንደርስ ድረስ ግቢው ውስጥ ያሉት አስተማሪዎች በሙሉ መስኮት ላይ ነበሩ።

መምህርቷ ወጣት ናት። ሦስት ሽማግሌ ተደርድሮ በሯ ላይ ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ግቡ፣ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አለች።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ሰብሳቢው።

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ የልጄ እናት መሆኔን አውቃ፣ ምን እንደሆነ ባይገባትም፣ ትንሽ ተረጋጋች። ሰብሳቢው ነገሩን ከእድሩ መመሥረት ጀምረው አስረዱ። አስተባባሪው እኔ እንዴት እንደሠራሁ መሰከሩ፤ ከወጣቶቹ ሁሉ እበልጥ እንደነበር፣ አንድም ቀን እንዳላረፈድኩ ተናገሩ። ባጃጅ ነጂው ከጉዳዩ ጋር ምንም ስለማያገናኘው ምች እንዴት አደገኛ እንደሆነ ተናገረ።

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ስታወርደው ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር፣ ቃሏ ግን ጠንካራ ነው። "እናቴ፣ የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው። ሰዓቱ ግን የልጅዎ አይደለም። ልቆጥርላት አልችልም።"

"ግማሹን" አሉ ሰብሳቢው።

"አባቴ፣ አይቻልም።"

"ሲሶውን።"

"አሁንም የሠሩት እሳቸው ናቸው።"

"ታዲያ የዚህች ሴት አሥራ ሁለት ሰዓት የት ይግባ?" አሉ አስተባባሪው፣ ከልባቸው ተቆርቁረው።

መምህርቷ የቀን መቁጠሪያዋን አየች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ፈረደች። ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሁድ አለ፤ ልጅቱ ከሰዓት ከሰዓት ሄዳ ራሷ ትሥራ። ከሞላች ታልፋለች፣ ካልሞላች አታልፍም። "እርስዎ ደግሞ፣ እናቴ፣ እቤት ይሁኑ። እዚያ እንዳይታዩ።" ሦስቱ ሽማግሌዎች ዋስ ሆኑብኝ። ከዚያ በኋላ ተቀመጡ። ስንወጣ ጥበቃው "ተሳካ?" ብሎ ጠየቀ። "ሁለት ሳምንት ሰጠችን" አለው ባጃጅ ነጂው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እቤት ዋልኩ። አንዱን ድስት ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ልጄ አንድ እግሯ ረጥቦ፣ ቅርፊት ጠጉሯ ላይ ተጣብቆ መጣች። "እንዴት ነበር?" ስላት "አስተባባሪው አንቺ እንደምትበልጪኝ አራት ጊዜ ነገሩኝ" አለች። እሁድም ዋልኩ፤ ድስቱ አበራ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

በመጨረሻው እሁድ ግን አልቻልኩም። ጠዋት ደብተሩን ስጠቀልልላት ያንን ወፍራም ፌስታል ከላይ አድርጌላታለሁ፤ የመጨረሻዋ ፊርማ ቀን ስለሆነ ምንም እንዳይነካው። እሷ ከሄደች በኋላ ባጃጅ ነጂውን ለመንኩት።

"ዋስ ነኝ እኮ" አለኝ። "ስትታዪ እኔ ነኝ የምዋረደው።"

"አልታይም።"

ትንሽ አሰበ። "እኔም ላላይሽ። ዝም ብለሽ ግቢ" አለና መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞረው። እስከ አሞራ ገደል ድረስ አንድም ጊዜ ዞር ብሎ ሳያየኝ አደረሰኝ። ወርጄ ሒሳቡን ልከፍለው ስል "ማንም አልተሳፈረም" አለ።

ዳሩ ላይ ለጥገና የተገለበጠች ጀልባ አለች። ከኋላዋ ቁጢጥ አልኩ። ልጄን አየኋት። ጓንት አድርጋለች፣ ጠጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር እያወራች የዓሣ ጭንቅላት በአካፋ ትዝቃለች። አንድ አባ ኮዳ ሲቀርባት በአካፋው እጀታ መሬቱን መታ መታ አደረገችለት፤ ገለል አለ። እኔ ያንን ለማድረግ አራት ቅዳሜ አልበቃኝም። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ በከንቱ መምጣቴ ታወቀኝ። ልነሣና ሳልታይ ልሄድ ስል የአስተባባሪው ፊሽካ ተነፋ። ሥራው አበቃ። ልጄ ደብተሩን ልታስፈርም ከቦርሳዋ አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ያ ፌስታል ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቧል። ለሰው አፍንጫ ንጹሕ ነበር።

አባ ኮዳው ከኋላዋ ቀስ ብሎ መጣ። ደብተሩን ከነፌስታሉ አነሣው። አልበረረም፤ ደብተር ተሸክሞ ቢሮ እንደሚገባ ሰው ተንጎራደደ። ልጄ ዞር ስትል ድንጋዩ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋስትናውም፣ መምህርቷም ትዝ አላሉኝም። ከጀልባዋ ኋላ ብድግ አልኩና ሮጥኩ። ነጠላዬ ከኋላዬ ተውለበለበ። "እናትየዋ አለች" አሉ አስተባባሪው፣ ስም እንደሚጠሩ ሆነው። ልጄ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ዓሣ ሻጮቹ በሲዳምኛ ለአሞራው ይሁን ለኛ እንጃ ይጮኻሉ፣ ብቻ ሁሉም ይስቃል። አሞራው አንዴ ልጄን፣ አንዴ እኔን አየ። ልውጠው ብሎ አንገቱን ወደ ላይ አደረገ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደ አሞራ ጉሮሮ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ግን ደብተሩ ወፍራም ነው፣ በሦስት ፌስታል ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል፤ አልገባ አለው። ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሐይቁ ተነሣና ትንሽ እንደሄደ ተፋው። ውሃው ላይ ወደቀ። ተንሳፈፈ።

ልጄ እስከ ጉልበቷ ገባች። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ ጉማሬም እፈራለሁ። ዳሩ ላይ አንድ ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ ገብቼ ቀሚሷን ከኋላ ያዝኩ።

"እማዬ፣ ልቀቂኝ፣ አልደርስበትም።"

"ያዝኩሽ እኮ።"

"ለዚህ ነው የማልደርስበት።"

ለቀቅኳት። ሁለት እርምጃ ሄደችና ያዘችው።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ፈታነው። የላይኛው ፌስታል ተቀዷል። ሁለተኛው ረጥቧል። ሦስተኛው ደረቅ ነው። የደብተሩ አንድ ጥግ ተነክሷል፣ ጽሑፉ ግን ሙሉ ነው። አስተባባሪው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረሙ። "ያ ሩጫ ስፖርት ውስጥ ይግባ?" ብለው ጠየቁ። ልጄ "የእማዬ ነው፣ አይቆጠርም" አለች።

ማታ ከእራት በፊት የመጨረሻውን ገጽ ጻፈች። ስትጨርስ ሰጠችኝ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አነበብኩ። ስለ ሐይቁ ጽፋለች፣ ስለ ዓሣ ሻጮቹ፣ አሞራን በአካፋ እጀታ እንዴት እንደሚያርቁት ያስተማሯት እነሱ መሆናቸውን። ታች ላይ እንዲህ ይላል፤ "እናቴ በጾሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ደክሟት ስትገባ ምን ትሠራ እንደነበር አላውቅም ነበር። አሁን ወገቤን ሲያመኝ አወቅሁ። በጾም ዓሣ ትበላለች ብዬ ስለጠረጠርኳት ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ይሄን መምህርቷ ማንበቧ አይቀርም ብዬ ትንሽ አፈርኩ። እንድታጠፋው ግን አልነገርኳትም።

የወላጅ አስተያየት የሚለው ሦስት መስመር ቀርቶ ነበር። ልጄ "ንገሪኝና ልጻፍልሽ" አለች። "ይሄ የኔ ነው" አልኳት። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። "ሩጫው የሷ ነው። ድራማው የሷ ነው። የሐይቁ ዳር ሥራ የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ሰዓት የኔ ነው፣ አይቆጠር። የኋለኛው አሥራ ሁለት የሷ ነው፤ ተደብቄ አይቻለሁ።" ሦስተኛው መስመር አልበቃኝም፣ ወደ ኅዳጉ ወጣሁ። ከዚያ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ሄጄ ማኅተም አስደረግኩበት። ተደብቄ የሚለውን ሲያነቡ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ማኅተሙን እፍ አሉት።

ሰኞ መምህርቷ ደብተሩን በሁለት ጣቷ ነበር የያዘችው፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጄን ጠየቀቻት፣ ልጄ መለሰች፣ አልዋሸችም። ስለ አሞራው ስትደርስ መምህርቷ የተነከሰውን ጥግ አገላብጣ አየችው። የኔን ሦስት መስመር ሁለት ጊዜ አነበበች። ከመሳቢያዋ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አወጣችና ከእድሩ ማኅተም አጠገብ፣ እኩል አድርጋ፣ መታችው።

"አልፋለች" አለች። "ደብተሩን ይዛችሁት ልትሄዱ ትችላላችሁ። እባካችሁ ይዛችሁት ሂዱ።"

ቤት ስንደርስ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ከቤቱ ካርታ አጠገብ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። የላይኛው ፌስታል አዲስ ነው። አሽትቼዋለሁ፤ ልጄም አሽትታዋለች።